የሊኑክስ ሰዓት አልስተካከል ሲል፦ ደረጃ በደረጃ ማስተካከያ

ሰዓቱን አስተካክላችሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ተመልሶ ከተሳሳተ፣ የነካችሁት የተበላሸውን ነገር አይደለም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ማያው ላይ የምታዩት ሰዓት አንድ ይምሰል እንጂ ከጀርባው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የማዘርቦርዱ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም በትንሽ ባትሪ ይቆጥራል። ሁለተኛው የሲስተሙ ሰዓት ነው። ሊኑክስ ሲነሳ ከማዘርቦርዱ ይቀዳውና ከዚያ በኋላ ራሱ ይቆጥራል። ሦስተኛው የሰዓት ቀጠና ነው። ይሄ ሰዓት አይቆጥርም፤ ሲስተሙ የያዘውን ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ማለትም ዩቲሲን፣ ወደ አካባቢያችሁ ሰዓት ይተረጉማል። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች።

ቀጠናው ተሳስቶ ሳለ ሲስተሙን ብትነኩ አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት ትሸፍናላችሁ። ለዛሬ ልክ ይመስላል፤ ነገ ይፈርሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት

- ትክክለኛ ሰዓት የሚያሳይ ስልክ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ስልኩ በኔትወርክ የሚስተካከል መሆኑን አረጋግጡ።
- የተከፈቱ ሥራዎችን ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉ። ሰዓት በአንድ ጊዜ ሲዘል ማያው ሊቆለፍ፣ በሰዓት የታዘዙ ሥራዎችም ያለጊዜያቸው ሊነሱ ይችላሉ። ዳታቤዝ የሚሠራበት ሰርቨር ከሆነ መጀመሪያ ዳታቤዙን አቁሙት።
- የአድሚን ፓስወርድ ያዙ። ተርሚናል ላይ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው) ፓስወርድ ስትጽፉ ኮከብም ነጥብም ላይታይ ይችላል። ኪቦርዱ የተበላሸ እየመሰላችሁ ደጋግማችሁ አትጻፉ፤ ጻፉና ኢንተር በሉ።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ነገር። እዚህ የጻፍኳቸው በፊደላችን፣ እንደሚነበቡ ነው፤ ተርሚናሉ የሚቀበለው ግን የላቲን ፊደል ብቻ ነው። «ሱዶ» ማለት ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ ነው። «ታይምዴትሲቲኤል» ማለት ታይም እና ዴት የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ቀጥሎም ሲ፣ ቲ፣ ኤል የሚሉት ሦስት ፊደላት ያለ ክፍተት ተያይዘው ነው። ሁሉም በትንሹ ፊደል። ፊደል እንዳይሳሳትባችሁ ጥቂቱን ጽፋችሁ ታብን ተጫኑ፤ የቀረውን ተርሚናሉ ራሱ ይሞላላችኋል።

ደረጃ 1፦ ልዩነቱን ለኩ

ምንም ሳትነኩ የስልኩንና የኮምፒውተሩን ሰዓት አወዳድሩ። ልዩነቱ ስንት ሰዓት ነው? ወደፊት ነው ወደኋላ? ወረቀት ላይ ጻፉት። የበሽታው ስም ያለው ቁጥሩ ውስጥ ነው።

ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ከኢንተርኔት ጋር መመሳሰሉ ተቋርጧል። ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

ልክ 3 ሰዓት የቀደመ፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይም ዊንዶውስ ያለበት ከሆነ ሁለቱ በማዘርቦርዱ ሰዓት አልተስማሙም። መፍትሔው ደረጃ 6 ላይ ነው።

ልክ 3 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ከሆነ ቀጠናው አልተመረጠም፤ ኮምፒውተሩ በዩቲሲ ነው ያለው። ሰርቨሮች ላይ የተለመደ ነው። ደረጃ 2 ይበቃዋል።

7 ወይም 8 ሰዓት ወደኋላ ከሆነ ቀጠናው ኒውዮርክ ላይ ነው፤ ዋሽንግተንም በዚሁ ይቆጠራል። 10 ወይም 11 ከሆነ ካሊፎርኒያ ነው። ቁጥሩ ሁለት የሆነው አሜሪካኖቹ በበጋቸው ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ስለሚገፉ ነው። ዘመድ ከውጭ የላከው ላፕቶፕ ላይ በብዛት የሚታየው ይሄ ነው። ደረጃ 2።

ልክ 6 ሰዓት ወደኋላ ከሆነ ማያው የሀበሻ ሰዓት እያሳያችሁ ነው። ወይ አንድ ሰው ሆን ብሎ አድርጎታል፣ ወይ ደረጃ 2 ላይ የማነሳው የምልክት ወጥመድ ውስጥ ገብታችኋል።

ሰዓቱ ተቀራራቢ ሆኖ ዓመቱ በ7 ወይም በ8 ወደኋላ ከሆነ፣ ያስተካከለው ሰው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶታል። ኮምፒውተሩ 2018ን የሚያነበው በፈረንጅ ነው። ደረጃ 3።

ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረ የፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ወይም ወደ ሌላ አሮጌ ቀን እየተመለሰ፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚብስ ከሆነ፣ ባትሪው አልቋል። ደረጃ 7።

ቀጥሎ ተርሚናል ክፈቱ። በአብዛኞቹ ዴስክቶፖች ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቲን አንድ ላይ ተጫኑ። ከዚያ ይህን ብቻ ጻፉ፦

ታይምዴትሲቲኤል

ሰባት መስመር ይወጣል። ከላይ ወደ ታች፦ የአካባቢ ሰዓት፣ የዩቲሲ ሰዓት፣ የማዘርቦርዱ ሰዓት፣ ቀጠናው፣ ሰዓቱ ተመሳስሎ እንደሆነ፣ የማመሳሰያው አገልግሎት እየሠራ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ማዘርቦርዱ በአካባቢ ሰዓት የተሞላ እንደሆነ። ፎቶ አንሱት። አንድ ነገር ብታበላሹ መመለሻችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀጠናውን አስተካክሉ

ደረጃ 1 በቀጥታ ወደ ሌላ ደረጃ ካልላካችሁ ሁልጊዜ ከዚህ ጀምሩ። ቀጠና ሳይስተካከል ሰዓት መሙላት ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው።

1. በመዳፊት መሥራት ከፈለጋችሁ ሴቲንግስን ክፈቱ፤ ሲስተም፣ ቀጥሎ ዴት ኤንድ ታይም። አሮጌ ኡቡንቱ ላይ ዴት ኤንድ ታይም በቀጥታ ዋናው ዝርዝር ውስጥ አለ።
2. ቀጠናውን በራሱ የሚመርጠውን ማብሪያ አጥፉት። ያሉበትን ቦታ የሚገምት አገልግሎት ነው፤ ሲገምት ደግሞ ይስታል።
3. ቀጠናውን ነክታችሁ የከተማውን ስም ፈልጉ፤ አዲስ አበባን ምረጡ።

በተርሚናል ከሆነ፦

ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ

እዚህ አራት ቦታ ይሳሳታል። አፍሪካ፣ አዲስ እና አበባ የሚሉት ሦስቱም በትልቁ ኤ ይጀምራሉ። በአፍሪካና በአዲስ መካከል ያለው ስላሽ ነው። በአዲስና በአበባ መካከል ያለው ክፍተት ሳይሆን አንደርስኮር፣ ከታች ያለው ሰረዝ ነው። አዲስ ሁለት ዲ አለው። ቀጠናው ልክ አይደለም የሚል መልስ ከመጣ ከአራቱ አንዱን ስታችኋል። አፍሪካና ስላሹን ጽፋችሁ ታብን ሁለት ጊዜ ብትጫኑ የከተሞቹ ዝርዝር ይመጣል።

ውጭ ያላችሁም የከተማ ስም ተጠቀሙ፦ አሜሪካ/ኒው_ዮርክ፣ ኤዥያ/ጀሩሳሌም፣ ኤዥያ/ዱባይ፣ ዩሮፕ/ሎንደን። ሦስት ፊደል ያላቸውን አጫጭር የቀጠና ስሞች አትምረጡ፤ በበጋና በክረምት የሚደረገውን መቀያየር ሁልጊዜ የሚያውቀው የከተማው ስም ነው።

የምልክቱ ወጥመድ፦ ዝርዝሩ ውስጥ «ኢቲሲ» በሚለው ሥር «ጂኤምቲ ፕላስ 3» የሚል አለ። «ኢትዮጵያ ፕላስ 3 አይደለች?» ብሎ የሚመርጠው ሰው ብዙ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ግን ምልክቱ የተገለበጠ ነው፤ ፕላስ 3 ማለት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደኋላ ማለት ነው። ከእኛ ጋር ያለው ርቀት ስንት ሆነ? ልክ 6 ሰዓት። ስለዚህ ማያው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 2 ይላል፤ ሰውየውም «ጎበዝ፣ የሀበሻ ሰዓት ሰጠኝ» ብሎ ይተወዋል። ከዚያ የኢሜይሉ ሰዓት፣ የስብሰባ ቀጠሮው፣ ከውጭ ሰው ጋር የሚደዋወልበት ጊዜ ሁሉ በ6 ሰዓት ይዛባል። እኔም ራሴ አንድ ሳምንት ሙሉ በዚህ ተጃጅያለሁ።

ቀጠናውን ከቀየራችሁ በኋላ ልዩነቱን እንደገና ለኩ። ዜሮ ከሆነ ሥራው አለቀ፤ ደረጃ 8ን ብቻ ሥሩ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱ በጣም ከራቀ መጀመሪያ በእጅ አቅርቡት

ቀኑ በወራት ወይም በዓመታት የተሳሳተ ከሆነ ኢንተርኔቱ ራሱ ይከዳችኋል። ብራውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ድረ ገጾችን ይከለክላል፤ ፕሮግራም ለመጫን ስትሞክሩ የፓኬጅ ዝርዝሩ «ገና አልጸናም» ይባላል።  ኔትወርኩን አትውቀሱ፤ ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡባቸው ሰርተፊኬቶችም ሆኑ የፓኬጅ ዝርዝሮቹ የሚጸኑበት ቀን ስላላቸው ነው።

1. ሰዓቱን ከኢንተርኔት ጋር በራሱ የሚያመሳስለውን፣ ኤንቲፒ የሚባለውን፣ ለጊዜው አጥፉ፦

ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ፎልስ

2. ሰዓቱን ሙሉ፦

ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይም «2025-09-11 15:20:00»

ቀንና ሰዓቱ በነጠላ ወይም በድርብ የእንግሊዝኛ ጥቅስ ውስጥ ይሁን፤ በፊደላችን የምንጠቀምበትን ጥቅስ ተርሚናሉ አያውቀውም። ቅደም ተከተሉ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው። ቀኑ የፈረንጅ ነው፤ ከላይ ያለው መስከረም 1 ቀን 2018 ማለት ነው።

ሰዓቱም የፈረንጅ፣ በ24 የሚቆጠር ነው። ከቀኑ ሰዓት ላይ 6 ደምሩ፤ ከቀኑ 9:20 ብሎ 15:20 ይሆናል። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ባለው ላይ 18 ደምሩ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት 19:00 ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት 12 ባለው ላይ ደግሞ 6 ቀንሱ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 02:00 ነው።

ካልሠራ፦ ራሱን ማመሳሰል በርቷል የሚል መልስ ከመጣ ቁጥር 1ን ዘላችኋል። ቀኑን መተርጎም አልቻልኩም ካለ ጥቅሱን ወይም በቀንና በሰዓት መካከል ያለውን ክፍተት እዩ።

ደረጃ 4፦ ከኢንተርኔት ጋር አመሳስሉ

ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ

አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ታይምዴትሲቲኤልን ብቻውን ጻፉ። አምስተኛው መስመር የስ፣ ስድስተኛው አክቲቭ ማለት አለባቸው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አክቲቭ ማለት አገልግሎቱ እየሞከረ ነው ማለት ነው፤ የስ ማለት ተሳክቶለታል ማለት ነው። ስድስተኛውን ብቻ አይቶ ተስተካከለ ብሎ የሚነሳ ሰው በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

«ኤንቲፒ አልተደገፈም» ካለ፦ የሚያመሳስለው ፕሮግራም አልተጫነም። ኡቡንቱ፣ ሚንት ወይም ዴቢያን ላይ ይህን ጫኑ፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሲስተምዲ-ታይምሲንክዲ

ሲስተምዲ ማለት ሲስተም እና ዲ፣ ታይምሲንክዲ ማለት ታይም፣ ሲንክ በኤስ-ዋይ-ኤን-ሲ፣ እና ዲ ነው። መጫኑ እምቢ ካለ ደረጃ 3ን አልሠራችሁም።

አክቲቭ ሆኖ የስ አልል ካለ፦ በመጀመሪያ አገልግሎቱን ቀስቅሱት፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ሲስተምዲ-ታይምሲንክዲ

አሁንም ኖ ከሆነ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በስልካችሁ ሆትስፖት ሞክሩ። በሆትስፖት የሚሠራ፣ በቢሮው ኔትወርክ የማይሠራ ከሆነ ፋየርዎሉ ዘግቶታል። የሰዓት መልእክት የሚሄደው በዩዲፒ ፖርት 123 ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሳያስቡት ይዘጉታል። የኔትወርክ ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ፖርቱ ይከፈት፣ ወይም የቢሮው የራሱ የሰዓት ሰርቨር አድራሻ ይሰጣችሁ። አድራሻ ከተሰጣችሁ ኢቲሲ በሚባለው ማህደር፣ ሲስተምዲ ውስጥ ታይምሲንክዲ የሚባለውን የኮንፍ ፋይል በአድሚን መብት ክፈቱ። ኤንቲፒ ብሎ የሚጀምረው መስመር ፊት ያለውን የመሰላል ምልክት አጥፉና ከእኩል ይሆናል ምልክቱ ቀጥሎ አድራሻውን ጻፉ። ሴቭ አድርጋችሁ አገልግሎቱን እንደገና ቀስቅሱ።

ፌዶራ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ክሮኒ ነው። ቀስ እያለ ስለሚያስተካክል የተበላሸ ሊመስላችሁ ይችላል። ወዲያው እንዲዘል፦

ሱዶ ክሮኒሲ ሜክስቴፕ

ክሮኒሲ ማለት ሲ-ኤች-አር-ኦ-ኤን-ዋይ-ሲ፣ ሜክስቴፕ ማለት ሜክ እና ስቴፕ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ተያይዘው ነው።

ክሮኒን፣ ታይምሲንክዲን እና ሌላ ሦስተኛ አንድ ላይ አታስኪዱ። አንድ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ የማዘርቦርዱን ሰዓት ሙሉ

ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ከተመሳሰለ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ በየ11 ደቂቃው ወደ ማዘርቦርዱ ይጽፈዋል። ኮምፒውተሩን ቶሎ የምታጠፉት ከሆነ ግን አትጠብቁ፦

ሱዶ ኤችደብሊውክሎክ --ሲስቶኤችሲ

ኤች እና ደብሊው፣ ክሎክ ከሚለው ቃል ጋር ተያይዘው። ሁለተኛው ቃል ከፊቱ ሁለት ሰረዝ አለው፤ ፊደሎቹ ኤስ-ዋይ-ኤስ-ቲ-ኦ-ኤች-ሲ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ትእዛዝ ከሲስተሙ ወደ ማዘርቦርዱ ይገለብጣል። የተገላቢጦሹ ኤች-ሲ-ቲ-ኦ-ኤስ-ዋይ-ኤስ ነው፤ እሱን ከጻፋችሁ የተሳሳተው የማዘርቦርድ ሰዓት ያስተካከላችሁትን ይደመስሰዋል። እንደዚያ ከሆነ ደረጃ 4ን ድገሙ።

ቨርቹዋል ማሽን ላይ፣ ማለትም በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ፕሮግራም በሚሠራ ሊኑክስ ላይ፣ ከሆናችሁ ይህን ደረጃ ዝለሉት።

ደረጃ 6፦ ዊንዶውስ አብሮ ካለ

ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሰዓት ዩቲሲ ነው ብሎ ያምናል። ዊንዶውስ የአካባቢው ሰዓት ነው ይላል። ዊንዶውስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 15:00 ብሎ ይጽፋል፤ ሊኑክስ ሲነሳ 3 ይደምርበትና 18:00 ያሳያል። ሊኑክስ ራሱን አስተካክሎ 12:00 ብሎ ሲጽፍ ደግሞ ዊንዶውስ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። እናንተ በየቀኑ ስታስተካክሉ፣ እነሱ በየቀኑ ሲያፈርሱ ትኖራላችሁ።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ። ሁለቱንም ከሠራችሁ ስህተቱ ተገልብጦ ይመለሳል።

ቀላሉ መንገድ ሊኑክስን ማግባባት ነው፦

ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1

ማስጠንቀቂያ ያሳያችኋል። ማስጠንቀቂያው በዋናነት ቀጠና ለሚቀይሩ ሰዎችና በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ለሚቀያይሩ አገሮች ነው። ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀያይርም፤ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ላላችሁ እኔ ይህን ነው የምመክረው። ለመመለስ 1ን በ0 ተኩ።

አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ላላችሁ ግን ዊንዶውስን ማግባባት ይሻላል፦

1. ዊንዶውስ ውስጥ ሬጂስትሪ ኤዲተርን ክፈቱ።
2. ሎካል ማሽን፣ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ኮንትሮል፣ ታይም ዞን ኢንፎርሜሽን ድረስ ውረዱ።
3. በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ አዲስ ዲወርድ ፍጠሩ። ስሙ ሪል፣ ታይም፣ ኢዝ፣ ዩኒቨርሳል የሚሉት አራት ቃላት ያለ ክፍተት ተያይዘው ነው። ዋጋውን 1 አድርጉ።
4. ሪስታርት በሉ፤ ሹት ዳውን አይደለም።

ሬጂስትሪ ውስጥ ሌላ ምንም አትንኩ።

ደረጃ 7፦ ባትሪው ካለቀ

ከአንድ ሌሊት በኋላ ቀኑ ወደ አሮጌ ዓመት ከተመለሰ፣ ወይም ሲነሳ ኤፍ 1 ተጫኑ የሚል መልእክት ካለ፣ ከላይ ያሉት ትእዛዞች ሁሉ ጊዜያዊ ናቸው። ዴስክቶፕ ላይ በአብዛኛው ሲአር 2032 የሚባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው።

1. ሳትፈቱት በፊት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ የማስነሻውን ቅደም ተከተልና የዲስኩን ሁነታ ፎቶ አንሱ። ባትሪው ሲወጣ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሊመለስ ይችላል፤ ከዚያ ሊኑክሱ አልነሳም ሊል ይችላል።
2. ዊንዶውሱ በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ የማስመለሻውን ቁልፍ አስቀድማችሁ ያዙ። ይህን ረስቶ ፋይሉን ያጣ ሰው አውቃለሁ።
3. አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑ።
4. የመደመር ምልክቱ ወዴት እንደሚያይ አስተውላችሁ ቀይሩት።
5. ባዮስ ውስጥ ቀኑን በፈረንጅ ሙሉ። ሰዓቱ ላይ ጠንቀቅ በሉ፦ ሊኑክስ ብቻውን ከሆነ የምትሞሉት የዩቲሲ ሰዓት ነው፤ ከአዲስ አበባው የፈረንጅ ሰዓት 3 ቀንሱ።

ላፕቶፕ ላይ ባትሪው ብዙ ጊዜ በሽቦ የተያያዘ ነው። እጃችሁ ካልለመደ ለጥገና ባለሙያ ስጡት።

ደረጃ 8፦ ፈትኑት

ሪስታርት ብቻ አይበቃም፤ ኤሌክትሪኩ ስላልተቋረጠ የደከመ ባትሪ አይታወቅም። አጥፉት፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ገመዱን ንቀሉ፣ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ኢንተርኔት ሳታገናኙ አብሩትና ከስልኩ ጋር አወዳድሩ። ዊንዶውስ ካለ አንዴ ወደ እሱ ገብታችሁ ተመለሱና ድገሙ።

የሀበሻ ሰዓት ማያው ላይ ለሚፈልግ

ሲስተሙን 6 ሰዓት ወደኋላ መጎተት አያስፈልግም፤ ሁለተኛ ሰዓት ጨምሩ። የቡዌኖስ አይሬስ ሰዓት ከአዲስ አበባ ልክ 6 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ አርጀንቲናም አሁን ሰዓት አትቀያይርም። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የቡዌኖስ አይሬስ ሰዓት 3:00 ይላል። ቀኑም የሚቀየረው የእኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው!

ኬዲኢ ፕላዝማ በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ሰዓቱን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ኮንፊገር ውስጥ ግቡ፤ ታይም ዞንስ ሥር ከተማዋን ጨምሩ። ኖም በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ክሎክስ የሚባለውን መተግበሪያ ከፍታችሁ ጨምሩ፤ ከዚያ ከላይ ያለውን ሰዓት ስትነኩ ከካላንደሩ ሥር ትታያለች። አቆጣጠሩን በ12 አድርጉት፤ አለበለዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 13 ይላችኋል። የሲስተሙ ቀጠና ግን አዲስ አበባ እንደሆነ ይቆይ።